መስመሩን በሌለበት ሲፈልጉት፦ የቪሊገኑ ሌዘር ጉዳይ

በየሰዓቱ ስድስት ነጥብ ገደማ። ከአስር ዓመት በላይ የተለፋበት ምልክት በመጨረሻ ሲመጣ አመጣጡ እንዲህ ነበር። ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ከአቦል እስከ በረካ እስኪጠጣ ድረስ ኮምፒውተሩ ላይ ስድስት ነጥብ ጠብ ይላል። ሌዘሩ ከትክክለኛው ቦታ ፈቀቅ ካለ ደግሞ በሰዓት አንድ ነጥብ ብቻ ይመጣል። እሱም ሐሰተኛ ነው። የፊዚክስ መጻሕፍት ላይ የሰፈረውን አንድ ቁጥር ያስቀየረው በስድስትና በአንድ መካከል ያለው ይህ ልዩነት ነው።

ቦታው ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ አሬ ወንዝ ዳር ያለችው ቪሊገን ናት። እዚያ ፖል ሼረር ኢንስቲትዩት የሚባል ትልቅ የምርምር ማዕከል አለ። ጊዜው 2009 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ከስዊዘርላንድ፣ ከጀርመን፣ ከፈረንሳይ፣ ከፖርቱጋልና ከሌሎችም አገሮች የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች የፕሮቶንን፣ ማለትም የሃይድሮጅን አቶም አስኳልን ስፋት ሊለኩ ቆርጠው ተነስተዋል። ከመሪዎቹ አንዱ ራንዶልፍ ፖል ነው። በወቅቱ ሙኒክ አጠገብ፣ ጋርሺንግ ባለው የማክስ ፕላንክ የኳንተም ኦፕቲክስ ኢንስቲትዩት ይሠራ ነበር።

ስለዚህ ሥራ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ፕሮቶኑን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌዘሩ ነው። እንደ ሬዲዮ ቁልፍ የሚዞር፣ በብልጭታ የሚሠራ፣ ደግሞም በተጠራ ቁጥር «አቤት» የሚል ሌዘር። ያ ሁሉ ችሎታ እያለው መስመሩን፣ ማለትም አቶሙ ለብርሃን መልስ የሚሰጥበትን ያንን አንድ ድግግሞሽ፣ ዓመታት ሙሉ አጣው። ለምን እንዳጣው ለማየት ግን መጀመሪያ ምን ይፈልግ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

ፕሮቶን እንደ ብይ ጠጣር ኳስ አይደለም። ኤሌክትሪካዊ ሙሌቱ እንደ ጭጋግ መሃሉ ላይ ወፍሮ ወደ ዳር እየሳሳ ይሄዳል። «ራዲየስ» ሲባል የዚያን ጭጋግ ስርጭት የሚገልጽ ልክ ማለት ነው። እስከ 2010 ድረስ ይፋዊው ቁጥር 0.8768 ፌምቶሜትር ነበር። አንድ ፌምቶሜትር ሜትርን ለአንድ ሚሊዮን ቢሊዮን ስታካፍሉት የሚደርሳችሁ ነው። ቁጥሩ የተገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ኤሌክትሮኖችን ፕሮቶን ላይ እየወረወሩ ነጥረው እንዴት እንደሚበታተኑ ማየት ነው። ሌላው የሃይድሮጅንን ብርሃን በስፔክትሮስኮፒ፣ ማለትም በድግግሞሹ እየለዩ፣ መመርመር ነው። ሁለቱ ተስማምተው ስለነበር ማንም እንቅልፍ አላጣም።

የአቶም ብርሃን ስለ አስኳሉ ስፋት እንዴት ይነግራል? ሃይድሮጅን ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን በአንዳንድ ደረጃዎች ላይ ሲሆን ጥቂት ጊዜውን ፕሮቶኑ ሆድ ውስጥ ያሳልፋል። እዚያ ውስጥ ሲገባ የሚስበው ኃይል ይቀንሳል፤ የጉልበት ደረጃውም ትንሽ ከፍ ይላል። ሁለት ኤስ የሚባለው ደረጃ ይህ ይነካዋል። ሁለት ፒ የሚባለውን ግን አይነካውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የፕሮቶኑን ስፋት ያሳብቃል። ይህን ክፍተት መጀመሪያ የለኩት ዊሊስ ላምና ሮበርት ረዘርፎርድ ናቸው፤ በ1947፣ ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ። መሣሪያቸው ከጦርነቱ ዘመን ራዳር የተወለደው የማይክሮዌቭ ቴክኒክ ነበር። ላም በ1955 ኖቤል ተሸልሞበታል፤ ክፍተቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ችግሩ በተራ ሃይድሮጅን ውስጥ የፕሮቶኑ ስፋት በዚህ ክፍተት ላይ ያለው ድርሻ ከቁጥር የሚገባ አለመሆኑ ነው። እዚህ ላይ ሙዮን ይመጣል። ሙዮን የኤሌክትሮን ወፍራም ወንድም ነው። ሙሌቱ አንድ ነው፤ ክብደቱ ግን 207 እጥፍ። ፕሮቶን ኤሌክትሮንን ትቶ ሙዮንን ሲያገባ ምህዋሩ ወደ 200 ጊዜ ገደማ ይጠባል። ሙዮኑ ፕሮቶኑ ውስጥ የመገኘቱ ዕድል ደግሞ በሚሊዮኖች እጥፍ ያድጋል። የስፋቱ ድርሻ ከምንም ተነስቶ የክፍተቱ ሁለት በመቶ ይሆናል። ሁለት በመቶ ማለት ለስፔክትሮስኮፒ ሰው ድግስ ነው።

ድግሱ ግን ቶሎ ይበተናል። ሙዮን የተወለደውም አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነው። ዕድሜው በአማካይ 2.2 የሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሃይድሮጅን ጋዝ ውስጥ ገብቶ ፕሮቶን ሲይዝ ከላይ ወደ ታች በደረጃዎቹ ይንከባለላል። አብዛኛው በቀጥታ ታች ይደርሳል። ከመቶ አንዱ ገደማ ሁለት ኤስ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እሱም የሚቆየው አንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ያህል ነው፤ ይህም ጋዙ በጣም ከሳሳ ነው። የቪሊገን ሰዎች ግፊቱን አንድ ሚሊባር ላይ አደረጉት፤ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት ሺህኛው ገደማ ማለት ነው።

እቅዱ ይህ ነው። ሙዮኑ ሁለት ኤስ ላይ እንደተንጠለጠለ በሌዘር ይመታል። የሌዘሩ ድግግሞሽ ከክፍተቱ ጋር እኩል ከሆነ ወደ ሁለት ፒ ይዘላል። ከዚያ ወዲያውኑ ወደ ታች ይወድቅና 1.9 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ጉልበት ያለው ኤክስሬይ ይተፋል። ድግግሞሹ ትንሽ ከሳተ ምንም አይሆንም። ኤክስሬዩ ከሌዘሩ ብልጭታ ጋር በአንድ ጊዜ ከታየ አንድ ነጥብ ይመዘገባል። ከዚያ ቁልፉን ትንሽ ማዞር፣ እንደገና መቁጠር፣ እንደገና ማዞር።

ለዚህ የሚሆነው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 6 ማይክሮሜትር ነው። በዓይን የማይታይ፣ ከቀይ በታች በጣም ርቆ ያለ ብርሃን ነው። ገበያ ወጥቶ የሚገዛ ሌዘር አልነበረም። በዚያ ላይ አራት ነገር አብረው ይፈለጋሉ። እዚህ ሞገድ ላይ መድረስ አለበት። መዞር አለበት። በጥቂት ናኖሰከንድ ውስጥ በቂ ጉልበት ማፍሰስ አለበት። አራተኛው ነው ሰውን ያስለቀሰው፦ ሙዮኑ ሲመጣ መተኮስ አለበት።

በብልጭታ የሚሠራ ሌዘር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ሰዓት ነው የሚሄደው። በሰከንድ አስር ጊዜ ከሆነ አስር ጊዜ ነው፤ ማንንም አይጠብቅም። ሙዮን ደግሞ ሳይደውል ከተፍ እንደሚል እንግዳ ነው። በሰከንድ ብዙ መቶዎች ይመጣሉ፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚገባ ግን ማንም አያውቅም። ሙዮኑ በጣም ቀጭን የካርቦን ስስ ሽፋኖችን ሲያልፍ ኤሌክትሮኖች ይፈናጠራሉ፤ እነሱ «መጣ!» ይላሉ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሌዘሩ ያለው ጊዜ ከአንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ነው።

እንጀራ ጋግራችሁ የምታውቁ ወዲያው ይገባችኋል። እንግዳ ከገባ በኋላ ምጣድ ጥዶ እሳት ማንደድ አይሠራም። ምጣዱ ቀኑን ሙሉ እንደጋለ መቆየት አለበት፤ እንግዳው ሲገባ ሊጡን ማዞር ብቻ። በ2003 በተደረገው ሙከራ የነበረው የድሮ ዓይነት የጋዝና የቀለም ሌዘር ነበር። ለቀጣዩ ዙር ዲስክ ሌዘር የሚባለውን አመጡ፤ ቴክኖሎጂው ያደገው ጀርመን ሽቱትጋርት ነው። ዲስኩ ራሱ ቁርጥ ምጣድ ነው፤ መጠኑ ቢያንስም። ክብ፣ ከሚሊሜትር በታች የሳሳ፣ ኢተርቢየም የተጨመረበት ክሪስታል። ከኋላው ይቀዘቅዛል፤ ከፊቱ ሌሎች ትናንሽ ሌዘሮች ያለማቋረጥ ብርሃን ያፈሱበታል። ስስ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ይወጣል። ጉልበቱን ተሸክሞ ይጠብቃል፤ ሲጠራ ይለቃል።

ከዲስኩ የሚወጣው ብርሃን 1030 ናኖሜትር ነው። ክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ ድግግሞሹ እጥፍ ሆኖ 515 ናኖሜትር አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ደግሞ ቲታኒየም ሳፋየር የሚባል ሌላ ክሪስታል ይመግባል። ማዞሪያው ያለው እዚህ ነው። አንድ ደካማ፣ ሳያቋርጥ የሚያበራ፣ ድግግሞሹ በጥንቃቄ የተያዘ ትንሽ ሌዘር ወደ ክሪስታሉ ይገባል። ሥራው የአውጪ ሥራ ነው። እሱ ዜማውን ያወጣል፤ ጉልበተኛው ብልጭታ እንደ ተቀባይ በዚያው ድምፅ ያስተጋባል። አውጪውን ትንሽ ብታዞሩት ተቀባዩ ሁሉ አብሮ ይዞራል። ውጤቱ 708 ናኖሜትር አካባቢ ያለ፣ ጥልቅ ቀይ ብልጭታ ነው።

ከ708 ናኖሜትር እስከ 6 ማይክሮሜትር (6,000 ናኖሜትር) ግን ገና ሩቅ ነው። የተጠቀሙበት ዘዴ ይገርመኛል። ብልጭታውን በ15 ባር ገደማ ግፊት የታመቀ ሃይድሮጅን በሞላበት ቱቦ ውስጥ አሳለፉት። የሃይድሮጅን ሞለኪውል እንደ ኬላ ነው። ብርሃኑ ሲያልፍ ቁርጥ ያለ ጉልበት ያስከፍለዋል፤ ያችኑ ወስዶ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ጊዜ ያስከፍለዋል። ከመጀመሪያው ኬላ በኋላ ሞገዱ 1.00 ማይክሮሜትር ነው፤ ከሁለተኛው በኋላ 1.72፤ ከሦስተኛው በኋላ 6። አንዷ የብርሃን ቅንጣት ሦስቱን ኬላ አልፋ ስትወጣ የቀራት ጉልበት ከመነሻዋ ስምንተኛውን እንኳ አይሞላም። ጥቅሙ ግን ቀረጡ ሁሌ አንድ መሆኑ ነው። መነሻው በአንድ ጊጋኸርዝ ሲዞር መድረሻውም በአንድ ጊጋኸርዝ ይዞራል። ሃይድሮጅን ራሱ ሃይድሮጅንን ለመመርመር የሚሆነውን ብርሃን ሠራላቸው ማለት ነው።

የመጨረሻው ብልጭታ ሩብ ሚሊጁል ገደማ ነው። ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰች ቀዳዳ በሁለት መስታወቶች መካከል ይገባል። እዚያ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ እየተንጸባረቀ ሙዮኖቹ የቆሙበትን ጋዝ ያዳርሳል።

አንድ ጠላት ግን መንገድ ላይ ነበር፤ ተራ እርጥበት። የውሃ ሞለኪውል 6 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን በጣም ይወዳል። ብልጭታው የክፍል አየር ውስጥ ቢለቀቅ ቃል በቃል ውሃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ መንገዱን ከእርጥብ አየር መጠበቅ ግድ ነበር። ደስ የሚለው ግን ያው ጠላት በሌላ በር ዳኛ ሆኖ መግባቱ ነው። ውሃ ብርሃን የሚበላው በዘፈቀደ አይደለም። የሚበላቸው ድግግሞሾች አንድ በአንድ ተለክተው የታወቁ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ሌዘሩን የውሃ ትነት በያዘ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አሳልፈው ቁልፉን ያዞራሉ። ብርሃኑ ድንገት ሲጠፋ «አሃ፣ እዚህ ነን» ይላሉ። በዚህ መንገድ የሌዘሩን ድግግሞሽ በ0.3 ጊጋኸርዝ ልክ አወቁት። ይህ ቁጥር በኋላ ክርክር ሲነሳ ብዙ አፍ አዘግቷል።

አሁን ወደ ፍለጋው።

ልጅ ሆኜ አያቴ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነበራቸው። ማታ ማታ ጣቢያ ሲፈልጉ ቁልፉን በሁለት ጣት ይዘው ከፀጉር የቀጠነ ርቀት ነው የሚያዞሩት። ጣቢያው ትናንት የነበረበትን ቦታ ያውቁታል፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ አይፈልጉም። አንዳንድ ማታ ጣቢያው ቦታ ይቀይራል። እሳቸው ግን እዚያችው የድሮ ቦታ ላይ እየቆዩ «ዛሬ ባትሪው ደክሟል» ይሉ ነበር።

ቪሊገን ላይ የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የፕሮቶኑ ራዲየስ 0.877 አካባቢ ነው ከተባለ መስመሩ የት እንደሚገኝ ቲዎሪው ይናገራል፦ 49.81 ቴራኸርዝ አካባቢ (አንድ ቴራኸርዝ ሺህ ጊጋኸርዝ ነው)። የመስመሩ ውፍረት 20 ጊጋኸርዝ ያህል ነው። ስለዚህ የተነገረውን ቦታና ግራ ቀኙን መፈተሽ ምክንያታዊ ነበር። ደግሞም ጊዜ ገንዘብ ነው። የሙዮን ጨረር በወረፋ የሚሰጥ ነገር ነው፤ አንድ ድግግሞሽ ላይ በቂ ነጥብ ለመቁጠር ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ሳምንቶቹ የተቆጠሩ ናቸው። ማንም ያንን ጊዜ «ምናልባት» እያለ ሩቅ ቦታ ላይ አያቃጥለውም። በ2003 ፈለጉ፤ የለም። ሌዘሩን ከሥሩ ቀይረው በ2007 ተመለሱ፤ አሁንም የለም።

እንዲህ ሲሆን ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው መሣሪያውን ነው፤ ልክ እንደ አያቴ ባትሪ። በሰዓት ጥቂት ነጥብ በሚጠበቅበት ሙከራ ላይ ደግሞ የሚጠረጠር ነገር ሞልቷል። ሌዘሩ ደክሞ ይሆን? መስታወቱ ቆሽሾ ይሆን? ሁለት ኤስ ላይ የሚንጠለጠሉት ሙዮኖች ከተገመተው አንሰው ይሆን? ምንም አለማየት ክፉ ነው፤ «እዚህ የለም»ን እና «እኔ አላይም»ን አይለይላችሁም። በነገራችን ላይ ዲስክ ሌዘሩ ዋጋው ይህን ጥርጣሬ በመቀነሱ ጭምር ነው። ብዙ ሙዮን የሚቀበል፣ ቶሎ የሚተኩስ ሌዘር ካለ በአንድ ቦታ የሚጠፋው ጊዜ ያጥራል። ጊዜ ካጠረ ሩቅ ለመሄድ ድፍረት ይመጣል።

በ2009 ሄዱ። ፍለጋውን ወደ ትንሽ ፕሮቶን፣ ማለትም ወደ ከፍተኛ ድግግሞሽ ገፉት። መስመሩ እዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። 49,881.88 ጊጋኸርዝ ላይ፤ ከተነገረው ቦታ 75 ጊጋኸርዝ ርቆ። በመስመሩ ውፍረት ብትለኩት አራት እጥፍ ገደማ ነው። በአንድ ድግግሞሽ ላይ እስከ 13 ሰዓት ድረስ ቆጠሩ። መስመሩ ላይ ከተሰበሰቡት 550 ነጥቦች ውስጥ 155ቱ ሐሰተኛ እንደሚሆኑ ተሰላ። የቀረው እውነተኛ ነው፤ በዓይን የሚታይ ጉብታ።

ከዚህ የወጣው ራዲየስ 0.84184 ፌምቶሜትር ነው። ከድሮው በአራት በመቶ ያነሰ፣ በአስር እጥፍ የጠራ። ጁላይ 2010 ላይ ኔቸር መጽሔት አወጣው። በ2013 በሁለተኛ መስመር አረጋግጠው 0.84087 አሉ።

ከዚያ ጉድ ፈላ። አራት በመቶ ለገበያ ሰው ምንም አይደለም። እዚህ ግን የስህተቱ ድንበር በጣም ጠባብ ስለነበር ልዩነቱ በዕድል የሚመጣ አልነበረም። የሌዘሩ ድግግሞሽ ተሳስቶ ይሆን? የውሃው ምስክርነት በ0.3 ጊጋኸርዝ የታወቀ ሲሆን የጎደለው 75 ነው፤ አያስኬድም። ቲዎሪው ላይ የተረሳ ስሌት ይኖር ይሆን? ሰዎች ከሥር እስከ ላይ ደግመው አሰሉ፤ የሚበቃ ስህተት አልተገኘም። ሙዮን ኤሌክትሮን የማያውቀው አዲስ ኃይል ይሰማው ይሆን? ይህኛው በጣም ያጓጓ ስለነበር ብዙ ወረቀት ተጻፈበት።

እኔ የማየው በሌላ በኩል ነው። የድሮው 0.877 ከአንድ ጠንካራ ልኬት አልመጣም። በሃይድሮጅን ስፔክትሮስኮፒ በኩል የነበሩት ልኬቶች ለየብቻ ሲታዩ አብዛኞቹ ከሙዮኑ ውጤት ያን ያህል አይጣሉም፤ ድንበራቸው ሰፊ ነው። የሚጣላው አማካያቸው ነው። ብዙ ደካማ ምስክር ተደምሮ አንድ ጠንካራ ምስክር መሰለ። በዚያ ላይ የሃይድሮጅንን የጉልበት ደረጃዎች ልክ የሚወስነው፣ ሪድበርግ የሚባለው ቋሚ ቁጥርና ራዲየሱ ከአንድ ልኬት አብረው ነው የሚወጡት፤ አንዱ ከተንሸራተተ ሌላውን ይጎትተዋል።

ስለዚህ ተራውን ሃይድሮጅን እንደገና መለካት ተጀመረ። በ2017 ጋርሺንግ ያሉት 0.8335 አሉ፤ ትንሹ ፕሮቶን። በ2018 ፓሪስ ያሉት 0.877 አሉ፤ ትልቁ። አንባቢ ሁሉ ጭንቅላቱን ያዘ። በ2019 ቶሮንቶ፣ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ የኤሪክ ሄሰልስ ቡድን የላምን ክፍተት በራሱ በተራ ሃይድሮጅን ለክቶ 0.833 አገኘ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ጄፈርሰን ላብ ኤሌክትሮን በመወርወር 0.831 አገኘ። ቋሚ ቁጥሮችን የሚያጸድቀው ኮዳታ የተባለው ኮሚቴም የ2018 ሰንጠረዡ ላይ 0.8414 አሰፈረ። የሪድበርግ ቁጥርም አብሮ ተንሸራተተ። በ2020 ጋርሺንግ በሌላ መስመር 0.8482 አገኘ፤ መሃል ላይ ነው፣ ወደ ትንሹ ግን ይጠጋል። ፓሪስ በ2018፣ ጋርሺንግ በ2020 አንድ ዓይነት መስመር ለክተው ለምን እንደተለያዩ እስካሁን ደስ የማይል ጥያቄ ነው። «እንቆቅልሹ ተፈታ» ብሎ ጨርሶ መዝጋት የሚወድ ሰው ይህን ነጥብ ቢዘለው አይገርመኝም።

ቪሊገን ላይ ያሉት ግን አልተቀመጡም። ሂሊየምን በሙዮን ለክተው ውጤቱን በ2021 አወጡ። አሁን የሚፈለገው የፕሮቶኑ መግነጢሳዊ ገጽታ ነው፤ ሙዮኑ በመጨረሻው ታችኛ ደረጃ ላይ እያለ። የሚያስፈልገው ሞገድ 6.8 ማይክሮሜትር ነው። ፍለጋው ላይ ሌሎችም አሉ፤ እንግሊዝ አገር ራዘርፎርድ አፕልተን ላቦራቶሪና ጃፓን። መስመሩ በዚህ ጊዜ ከበፊቱ እጅግ የቀጠነ ነው፤ የሚታረሰው ሜዳ ግን አልጠበበም። ዲስክ ሌዘሩ እንደገና ተጥዷል። ቁልፉም እንደገና በሁለት ጣት ተይዟል።